አሮጌዋን ማያታ መንከባከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደጄ ላይ የቆመችውን ቀይ ማያታ፣ ያቺን የማዝዳ ባለ ሁለት ወንበር ክፍት መኪና፣ ያየ ሐበሻ ሁሉ ይጠይቀኛል። ነዳጅ ማደያ ላይ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አንዴማ ለቅሶ ቤት በር ላይ ሳይቀር። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሐበሻ የማይገኝበት ነዳጅ ማደያ የለምና ጥያቄው አያልቅም። ስለዚህ የሚደጋገሙትን ሰብስቤ እዚህ አስቀመጥኳቸው።

የማወራው ስለ መጀመሪያው ትውልድ ማያታ ብቻ ነው። ከ1989 እስከ 1997 የተሠራችው፣ የፊት መብራቷ ብቅ ጥልቅ የሚለው። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኔ የ1992 ሞዴል ናት፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር። መካኒክ አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን በዘይት የሚያቆሽሽ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ።

ቃላቱ የአዲስ አበባ ጋራዥ ቃላት ናቸው፦ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ፍሪሲዮን (ክላች)፣ ካንዴላ (ስፓርክ ፕላግ)፣ ቺንጋ (የሞተሩ ታይሚንግ ቤልት)። አባቴ ፊያት ነበረው፣ ከእሱ ነው የለመድኳቸው። እዚህ መጀመሪያ ሰሞን መለዋወጫ ሱቅ ገብቼ በልበ ሙሉነት «አራት ካንዴላ» ስል ሻጩ ሻማ ወደሚሸጥበት ሊልከኝ ምንም አልቀረውም።

ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን መኪና ምን ትሠራለች?

ይሄ የአክስቴ ጥያቄ ነው። በየበዓሉ ትጠይቀኛለች። እውነተኛው መልስ «ምንም» ነው። ለአስቤዛ አትሆንም፣ እንግዳ ከኤርፖርት ለማምጣት አትሆንም። አገር ቤት ደርሶ የመጣ ሰው ሻንጣ ብዛት ታውቁታላችሁ።

ግን ታሪክ አላት። በ1960ዎቹ እንግሊዞች ትንንሽ ክፍት መኪኖች ነበሯቸው፦ ኤምጂ፣ ትራያምፍ፣ ሎተስ ኤላን። ሲነሱ ደስ ይላሉ። ችግሩ መነሳታቸው ላይ ነበር። ዘይት ያንጠባጥባሉ፣ ኤሌክትሪካቸው ይከዳል። ማዝዳ ያንኑ ስሜት ይዞ፣ በየጠዋቱ የምትነሳ መኪና ሂሮሺማ ውስጥ ሠራና የካቲት 1989 ቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ አሳየ። የ1.6 ሞተሯ ጉልበት 116 ፈረስ ብቻ ነው። ክብደቷ ግን አንድ ቶን አይሞላም። ሞተሩ ፊት፣ የሚገፋው ጎማ ኋላ ነው።

የማዝዳ መሐንዲሶች «ጂንባ ኢታይ» የሚሉት ነገር አለ። ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ለእኛ ጉግስን አስቦ መረዳት ይቀላል፦ ጋላቢው ልጓሙን ሳይጎትት ፈረሱ ቀድሞ ሲገባው። ይህች ትውልድ ብቻዋን ከ430,000 በላይ ተሠርታለች። ተከታዮቿ ተጨምረው በ2016 ሚሊዮን ሞሉ። መለዋወጫዋ እስከ ዛሬ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ልገዛ ነው። መጀመሪያ የት ልይ?

ሞተሩን ተዉት። ዝገቱን እዩ።

ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ ይቀየራል። የበሰበሰ ቦዲ ግን ብየዳ ነው፣ ብየዳ ደግሞ ገንዘብ ነው። የማያታ ዋና በሽታዋ ከበሩ ሥር ያለው የቦዲ ጠርዝ ነው፣ በተለይ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው ክፍል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሸራው ጣሪያ ላይ የወረደው ዝናብ ከወንበሮቹ ጀርባ ባለች አሸንዳ ይሰበሰብና በግራና በቀኝ በሁለት ቱቦዎች ወደ ታች ይወርዳል። ቱቦው በቅጠልና በአፈር ከተደፈነ ውኃው መሄጃ ያጣል። ወይ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ወይ ጠርዙ ውስጥ ይጠራቀማል። ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ቀለሙ ሲያብጥ ባያችሁበት ቀን ውስጡ ካለቀ ቆይቷል።

ስለዚህ ተንበርከኩ። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በጠርዙ ላይ አስኪዱት። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ላይ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው። ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን ምንጣፍ በእጃችሁ ጫኑት። እርጥብ ከሆነ ዋጋ ለመቀነስ ጥሩ ምክንያት አገኛችሁ። እኔ ስገዛ በሚያብረቀርቀው ቀለም ፈዝዤ ምንጣፉን አልነካሁም። ቤት ደርሼ ስነካው ጭብጥ ሙሉ ውኃ ወጣ። እድሜ ለእግዚአብሔር፣ ጠርዙ ገና አልተበላም ነበር።

ቀጥሎ፣ መኪናዋ የ1990 ወይም የ1991 ከሆነች የክራንኩን፣ ማለትም ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ፣ ጫፍ ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች የክራንካቸው አፍንጫ አጭር ነው። ፊት ለፊት ያለው ፑሊ ብሎን ከላላ ፑሊው መወዛወዝ ይጀምርና የክራንኩን ጫፍ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ወይ ክራንክ፣ ወይ ሌላ ሞተር ነው። መለያው ከፊት ይታያል፦ ፑሊው ላይ አራት ክፍተት ካለ አጭሩ ነው፣ ስምንት ካለ ረጅሙ። ማዝዳ በ1991 መካከል አስተካክሎታል። አጭሩ ሁሉ ይበላሻል ማለት አይደለም። ሞተሩን አስነስታችሁ የታችኛው ፑሊ ቀጥ ብሎ መዞሩን ግን ሳታዩ አትክፈሉ።

የቀረውን በዓይን ታዩታላችሁ። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ጥቁር ነው ወይስ ወደ ቡናማ-አረንጓዴ ዞሯል? ከዞረ ሊሰነጠቅ ነው። ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ አለ? «ተቀይሯል» የሚል ቃል ደረሰኝ አይደለም።

ያገኘኋት 40,000 ማይል ብቻ የሄደች ናት። ዕድለኛ ነኝ አይደል?

ምናልባት። ግን ሠላሳ ዓመት ያለፋት መኪና የምትታመመው በመንገድ ብዛት ሳይሆን በዕድሜ ነው። ላሜራው፣ ፒስቶኑ፣ ማርሹ ጠንካራ ነው። የሚሞተው ጎማ የሆነ ነገር ሁሉ ነው፦ የራዲያተር ቱቦ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ ቱቦ፣ ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ላስቲክ)፣ ኦሪንግ (ክብ የላስቲክ ቀለበት)፣ የበር ላስቲክ፣ የእግሮቿ መገጣጠሚያ ቡሽ። እነዚህ ቆማም ይደርቃሉ። እንዲያውም ቆማ ይብሳሉ።

ጋራዥ ውስጥ አሥር ዓመት ከተኛች 40,000 ማይል ይልቅ በየሳምንቱ የምትነዳ፣ ደረሰኝ ያላትን 150,000 ማይል እመርጣለሁ። የተኛችውን የሚገዛ ሰው ለመለዋወጫ ሌላ በጀት ይያዝ።

ገዛኋት። ከየት ልጀምር?

ሰው ሁሉ ከድምፅና ከቸርኬ ይጀምራል። አዲስ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ)፣ አዲስ ቸርኬ፣ አዲስ ስቲሪዮ። እኔም ጀምሬ ነበር። የምመክረው ግን መቆም፣ ከዚያ አለመጋል፣ ከዚያ መዞር፣ መጨረሻ ላይ መፍጠን ነው።

መቆም ማለት የፍሬን ዘይት መቀየር ነው። ዘይቱ እርጥበት ከአየር ይስባል፣ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሆናል። ቱቦዎቹ የመጀመሪያዎቹ ከሆኑ አዲስ አስገቡ። የካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን የሚጨብጠው ክፍል) ተንሸራታች ፒኖች ደርቀው ከሆነ አጽድታችሁ ግሪስ ቀቧቸው።

አለመጋል ማለት ራዲያተር፣ ቴርሞስታት፣ ቱቦዎች፣ ኩላንት (የማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ነው። ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ይገባል። ርካሽ ሥራ ነው። ካልተሠራ ግን ቴስታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ያጣምምባችኋል፣ ያ ደግሞ ርካሽ አይደለም።

መዞር ማለት ጎማ ነው። የጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጥሎ ያሉት ዓመቱን ይናገራሉ። 2311 ከሆነ በ2011 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንኳ ጣሉት። የመጀመሪያው መጠኗ 185/60፣ ቸርኬው 14 ነው። ንፋሷ 26 ፒኤስአይ ነው፣ አዎ፣ 26። ጎማ ቤቶቹ በልማድ 35 ይሞሉላችሁና መኪናዋ እንደ ጋሪ ትነጥራለች። ከዚያም «ሱስፔንሽኗ አለቀ» ይላሉ።

ራሴ ልሠራት ወይስ ጋራዥ ልውሰዳት?

አብዛኛውን ራሳችሁ ትችላላችሁ። ቦታው ሰፊ ነው፣ ኮምፒውተሯ ትንሽ ነው፣ ቁልፎቹ ባብዛኛው 10፣ 12፣ 14 እና 17 ናቸው። አፓርታማ ውስጥ ከሆናችሁ ግን የኪራይ ውላችሁን አንብቡ። ፓርኪንግ ላይ ዘይት መቀየር ብዙ ቦታ ክልክል ነው።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለም። ክሪክ መኪና ያነሳል እንጂ አይዝም። ከሥሯ ከመግባታችሁ በፊት በደጋፊ እግሮች ላይ አስቀምጧት፣ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሯት። ብቻችሁን ስትሠሩ ቤት ውስጥ ላለ ሰው «ከሥሯ ልገባ ነው» በሉ። ባለቤቴ በየሃያ ደቂቃው በመስኮት ትጣራለች፣ እኔም «አለሁ» እላለሁ።

ዘይት መቀየር ቀላል ነው ብለውኝ ነበር። ክርኔ ለምን ተላጠ?

እንኳን ወደ ማኅበሩ በደህና መጡ! የዘይቱ ፊልትሮ በቀኝ በኩል ከአየር ማስገቢያው ሥር ተደብቋል። ከላይ አይታይም፣ ከታች እጅ በጭንቅ ይደርሳል። ብዙ ሰው የቀኝ ፊት ጎማውን አውልቆ በዚያ በኩል ይገባል። ሞተሩ ለብ ሲል ሥሩ፣ ሲግል ግን አትሞክሩት። የድሮው ፊልትሮ ላስቲክ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣታችሁ ዳስሱ። ሁለት ላስቲክ ከተደራረበ ዘይቱ በሙሉ መንገድ ላይ ነው። የሚያስፈልጋት አራት ሊትር አይሞላም፣ 10 ደብልዩ 30 ይስማማታል።

ጠዋት ስትነሳ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ትላለች። ልትሞት ነው?

አትሞትም። ቫልቮቹን የሚገፉት ትንንሽ ኩባያዎች በዘይት ግፊት ነው የሚሠሩት። ዘይቱ ሲያረጅ፣ መኪናዋ ስትቆም፣ ወይም አጭር መንገድ ብቻ ስትሄድ ውስጣቸው ይደርቅና ይንኳኳሉ። ዘይት ቀይሩ፣ ሃይዌይ ላይ አንድ ሰዓት ንዷት። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ትላለች። የእኔዋ አንዴ ወር ሙሉ ስታንኳኳ ቆይታ ከባልቲሞር ደርሳ መልስ ላይ ጸጥ አለች። ከታች የሚመጣ ወፍራም «ዱግ ዱግ» ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ስትሰሙ አጥፏት።

ቺንጋዋ መንገድ ላይ ብትበጠስ ሞተሩ ይፈርሳል?

በብዙ መኪኖች አዎ፣ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። በዚህች አይጋጩም። ትቆማላችሁ፣ መኪና ጎታች ትጠራላችሁ፣ በቃ። ማዝዳ በየ60,000 ማይል (96,000 ኪሎሜትር ገደማ) ቀይሩ ይላል። ማይሉ ባይሞላም ያለፈው ለውጥ የማይታወቅ ከሆነ ቀይሩ።

እዚያ ከደረሳችሁ አይቀር የውኃ ፓምፑን፣ መወጠሪያዎቹን፣ የካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና የክራንክ ሲሎችን አብራችሁ ቀይሩ። ያንን ሁሉ ፈትቶ አሮጌ ፓምፕ መልሶ መግጠም ግማሽ ቤት ጠርጎ መተኛት ነው። የሁለቱን ካሞች ፑሊ ከማውለቃችሁ በፊት በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱ። ከገጠማችሁ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙራችሁ ምልክቱ መመለሱን እዩ።

ከሞተሩ ኋላ ዘይት ታንጠባጥባለች። ካምቢዮ ማውረድ ያስፈልጋል አሉኝ።

ቆዩ! ምንም አትፈርሙ!

ይሄ በእኔም ደርሷል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ከሥሯ አይተው «የኋላው ትልቁ ሲል ነው፣ ካምቢዮ ይወርዳል» አሉኝ። ዋጋው ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነበር። አስቤበት ልመለስ ብዬ ወጣሁ። ማታ የእጅ ባትሪ ይዤ የፊት ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይቱ ከላይ ነበር የሚመጣው።

ከቴስታው ጀርባ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ከሚለየው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ የካሙን አዟዟር የሚያነብ ሴንሰር አለ። በአንዲት ኦሪንግ ነው የሚታሸገው። ኦሪንጓ ሠላሳ ዓመት ስትጋል እንደ ፕላስቲክ ትደርቅና ዘይት ታሳልፋለች። ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ካምቢዮው ላይ ያርፋል፣ ከሥር ለሚያይ ሰው ትልቁ ሲል ይመስላል። ኦሪንጓ ጥቂት ዶላር ናት። ሥራው ለጣት ይጠብባል እንጂ ከባድ አይደለም። ከማውለቃችሁ በፊት ሴንሰሩ የነበረበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ የሞተሩ እሳት ሰዓት፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት፣ በእሱ ነው የሚስተካከለው።

ጋራዡ ዋሽቶኛል ማለቴ አይደለም። ከሥር ያየ ሰው ያንን ቢል አይገርምም። ከላይ ሳያይ ግን ዋጋ መጥራት አልነበረበትም።

ፍሪሲዮኑ ወለሉ ድረስ ገባና ቀረ። ሳህኑ አለቀ?

የመጀመሪያ ተጠርጣሪ የፍሪሲዮኑ የታችኛው ፓምፕ ነው፣ ካምቢዮው ጎን ላይ ያለችው ትንሿ። ላስቲኳን ገለጥ አድርጉ። ፈሳሽ ካለ እሷ ናት። የማያታ ሁሉ ዕጣ ነው፣ በየጥቂት ዓመቱ ትመጣለች። ሁለት ብሎን ነው። የላይኛውንም ፓምፕ አብራችሁ ብትቀይሩ ይሻላል፣ አንዷ ስትታደስ ሌላዋ ወዲያው ታኮርፋለች። መንገድ ላይ ከያዛችሁ የፍሪሲዮኑን ዘይት ማስቀመጫ በፍሬን ዘይት ሞልታችሁ፣ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ ቤት ልትደርሱ ትችላላችሁ። ዶት 4 ጠርሙስ ከኋላ ኮፈኔ አይጠፋም።

ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ ይፋጫል። እግሬም ይቃጠላል።

ሁለት ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን አንድ ሰፈር ነው።

ሁለተኛ ማርሽ ሲቀዘቅዝ ማንገራገሩ የዚች ካምቢዮ ጠባይ ነው። እስክትሞቅ ቀስ በሉ። ዘይቱን ስትቀይሩ 75 ደብልዩ 90 ይሁን፣ ደረጃው ጂኤል-4። ጂኤል-5 ብቻ የሚል ዘይት ውስጥ ያለው ኬሚካል የነሐስ ቀለበቶቹን ሊጎዳ ይችላል። ሁለት ሊትር ይበቃል።

ሙቀቱ ደግሞ ከማርሽ ዘንጉ ሥር ነው። እዚያ ሁለት የላስቲክ ሽፋኖች አሉ። ሲቀደዱ የሞተር ሙቀት፣ ሽታና ጫጫታ ወደ እናንተ ይወጣል። ዘንጉ የሚቀመጥበት ጎድጓዳም የራሱ ትንሽ ዘይት አለው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሽፋኖቹን ቀይሩ፣ ጎድጓዳውን አጽድታችሁ በአዲስ ዘይት ሙሉት። በአንድ ከሰዓት፣ በጥቂት ገንዘብ፣ ማርሹ እንደ አዲስ ጠቅ ጠቅ ይላል። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ትርፉ ይሄ ይበልጣል።

የእጅ ፍሬኑ እስከ ጣሪያ ይሳባል፣ አይዝም።

ገመዱን አትወጥሩ። የኋላው ካሊፐር ጀርባ ላይ 14 ቁጥር ብሎን አለች። ስትፈቷት ከውስጧ 4 ሚሊሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ የሚገባበት ማስተካከያ ታገኛላችሁ። ጎማው እስኪያዝ አጥብቁ፣ ከዚያ ሲሶ ዙር መልሱ። ሁለቱንም ጎን።

አንዱ መብራት ተከፈተ፣ ሌላው ተዘጋ። ትጠቅሰኛለች።

ታምራለች፣ ግን ፖሊስ አይስቅም። መጀመሪያ የመብራት ማንሻውን ፊውዝ አውጡ፣ አለበለዚያ ድንገት ተነስቶ ጣት ይይዛል። ከዚያ መብራቱን የሚያነሳው ትንሽ ሞተር ላይ የላስቲክ ክዳን አለ። እሱን አንስታችሁ ከሥሩ ያለውን መዘውር በእጅ ስታዞሩ መብራቱ ይወጣል። ምሽቱን ቤት ያደርሳችኋል። በረዶ ሲጥል መብራቶቹን ክፍት ትታችሁ አቁሟት፣ አለበለዚያ ተጣብቀው ያድራሉ።

ዝናብ ሲሆን ትንተባተባለች።

የካንዴላ ገመዶች። ከካንዴላዎቹ ጋር አብራችሁ ቀይሩ።

የዘይት ግፊት መለኪያው ከፍ ዝቅ ይላል። ልደንግጥ?

እስከ 1994 ድረስ ያሉት እውነተኛውን ግፊት ነው የሚያሳዩት፣ ስለዚህ ሞተሩ ሲሞቅ ዝቅ፣ ጋዝ ሲረገጥ ከፍ ማለቱ ደንብ ነው። ከ1995 ወዲህ ያለው መለኪያ ግን ለይስሙላ ነው። ግፊት አለ ወይም የለም ነው የሚያውቀው፣ ሁልጊዜ መሐል ይቆማል። ደንበኛው እውነቱን ሲያይ ስለደነገጠ ውሸቱን ሰጡት ይባላል።

የሙቀት መለኪያውንም ብዙ አትመኑ። ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ሲነሳ ባያችሁ ጊዜ ከጋለች ቆይታለች። ጣፋጭ ሽታ ከሸተታችሁ ኩላንት ነው፣ ወዲያው ዳር ያዙ።

ባትሪዋ ኋላ ኮፈን ውስጥ ነው። ርካሽ ባትሪ ይሆናል?

አይሆንም። ተራ ባትሪ ሲሞላ ጋዝና የአሲድ እንፋሎት ይለቃል፣ እሷ ደግሞ ኮፈን ውስጥ አፍና ነው የምትይዘው። ላሜራውን ይበላል፣ ጋዙም አደገኛ ነው። የታሸገ፣ የጋዝ መውጫ ያለው ባትሪ ግዙ፣ ትንንሾቹን ቱቦዎችም መልሳችሁ አገናኙ። የአንዳንዱ መኪና ቱቦ ባለፈው ባለቤት ዘመን ጠፍቷል፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ።

የውኃ መውረጃ ቱቦዎቹን በምን ላጽዳ?

በሽቦ አይደለም! የኮት መስቀያ የሚያስገባ ሰው ቱቦውን ይበሳውና ችግሩን ራሱ ይፈጥራል። የሣር ማጨጃ ፕላስቲክ ገመድ ውሰዱ፣ ጫፉን በእሳት ድቡልቡል አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ክተቱ። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ አፍሱ። ከኋላ ጎማው ፊት ከሥር ጥርት ብሎ መፍሰስ አለበት። በዓመት ሁለቴ ይበቃል፣ አንዱ ቅጠል ከረገፈ በኋላ ይሁን።

የኋላ መስኮቱ ተሰነጠቀ። ምን አጠፋሁ?

ሳይቀዘቅዝ አይቀርም። የመጀመሪያው መስኮት ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፣ በብርድ ሲታጠፍ ይሰበራል። ጣሪያውን ከማውረዳችሁ በፊት የመስኮቱን ዚፕ ክፈቱና ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስተኙት፣ ከዚያ ጣሪያውን አጥፉ። ቀኑ ቀዝቃዛ ከሆነ ጭራሽ አትንኩት። ሸራው ራሱ ካለቀ ባለ መስታወት መስኮት ጣሪያ ይገኛል። ማዝዳም ጃፓን ውስጥ ለዚች ትውልድ ማደሻ ፕሮግራም በ2017 አስታውቆ፣ ሸራ ጣሪያውን፣ የእንጨት መሪውን፣ የድሮውን ዓይነት ጎማ ሳይቀር እንደገና አሠርቷል።

ቱርቦ ልግጠምላት?

ወጣቶቹ በሙሉ የሚጠይቁኝ ይሄን ነው። ፍሬኑን ቀይረሃል? አልቀየርኩም። ራዲያተሩስ? አልቀየርኩም። እንግዲህ መልሱን ታውቀዋለህ።

የ1.6ቷ ዲፈረንሻል ትንሽ ነው፣ ጉልበት ሲጨመርበት ይሰበራል። ከ1994 ጀምሮ ከ1.8 ሞተር ጋር የመጣው ይበልጣል፣ ቱርቦ የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ እሱን ነው የሚፈልጉት። ከዚያ ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ነዳጅ፣ ከዚያ ኮምፒውተር። ሰንሰለቱ አያልቅም።

ከዚያ በፊት ነጻ የሆነ ነገር አለ። ፋብሪካው የእሳቱን ሰዓት 10 ዲግሪ ላይ ነው ያስቀመጠው። ኮፈን ሥር «ዳያግኖሲስ» የሚል ሳጥን ውስጥ «ቲኢኤን» እና «ጂኤንዲ» የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ታገናኛላችሁ፣ ቅድም ከቴስታው ጀርባ ያልኩትን ሴንሰር የያዘችውን ብሎን ታላላላችሁ፣ በታይሚንግ መብራት እያያችሁ ወደ 14 ዲግሪ ትወስዱታላችሁ። ከዚያ ወዲያ ፕሪሚየም ቤንዚን ትጠጣለች። ከታች ቀልጠፍ ትላለች። ሲረገጥ የመንጣጣት ድምፅ ከሰማችሁ መልሱት።

እሱ ካልበቃ ጥሩ ጎማና ጥሩ የጎማ አሰላለፍ (አላይመንት) ጨምሩ። አራቱም እግሮቿ ይስተካከላሉ፣ ማስተካከያ ብሎኖቹ ዝገው ካልተጣበቁ።

ክረምቱን እንዴት ላሳልፋት?

እዚህ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፣ ስለዚህ የእኔ ከመጀመሪያው ጨው እስከ መጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ትቆማለች። ዘይት ቀይራችሁ፣ ታንኩን ሞልታችሁ፣ ቤንዚን ማቆያ ጨምራችሁ፣ ባትሪውን ዝግ ብሎ በሚሞላ ቻርጀር ላይ አድርጋችሁ ተዉአት። የእጅ ፍሬኑን አትሳቡ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቧት። በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ማስነሳት ጥቅም የለውም። ውስጧ እርጥበት ያጠራቅማል እንጂ አትሞቅም።

አንቲክ ታርጋ ላውጣ?

ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት ከሞላት ይቻላል። የዓመቱ ፍተሻ ይቀርላችኋል። ግን በእሷ ሥራ መመላለስ አይፈቀድም፣ ለዕለት ጉዳይ ሌላ መኪና ሊኖራችሁ ይገባል። እኔ ማክሰኞም ስለምነዳት ተራውን ታርጋ ይዤ እየተፈተሽኩ ነው።

ወደ አገር ቤት ልላካት?

ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች፣ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ራሱ ተዘግቷል። ቢፈቀድም አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ከ116 ፈረሷ ሩብ የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል። የሰፈር ውስጥ ጉብታዎቹን ደግሞ በሆዷ ነው የምታልፋቸው።

አንዴ ልንዳት?

ማኑዋል ትችላለህ? እንግዲያው ቁልፉ ይኸው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ እስክትሞቅ አትቸኩልባት። ጣሪያውን ልታወርድ ከሆነ መጀመሪያ ዚፑን ክፈት። ፍሪሲዮኑ ከላላብህ ዶት 4 ኋላ ኮፈን ውስጥ አለ።